ዕቃው ያገለገለ፣ ጠላው አዲስ

በቋንቋችን ውስጥ ከመጠጡ ይልቅ የመጠጡ ዕቃ ብዙ ተናግሯል። ታላላቆች አልፈው ቦታውን የማይመጥኑ ሲተኩበት «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» እንላለን። ትልቁ በትንሹ እንደሚቆም ለማስረዳት «ጋን በጠጠር ይደገፋል» እንላለን። ችሎታው ተሸፍኖ የቀረበትን ሰው ደግሞ «የጋን ውስጥ መብራት» ብለን እናዝንለታለን። እንስራው ከነተሸካሚዋ፣ ቅሉ፣ ዋንጫው፣ ብርሌው… በግጥሞቻችን ውስጥ ገብተው የማይወጡ ዘመዶች ናቸው። ዛሬ ግን በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች በብዙ ቤት ጠላው የሚቀመጥበትና የሚቀዳበት ዕቃ ጀሪካን ነው። ለእርሱ ተረት አልተረትንለትም፤ ግጥምም አልገጠምንለትም። ስሙን የምናነሣው ልናናንቀው ስንፈልግ ብቻ ነው።

ስለ ጀሪካን ለመጻፍ መነሣቴ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እንግዳ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ ቃላት የምቆጥር ገጣሚ ነኝ ባይ ነኝ። ቢሆንም አሳቤ አጭርና ግልጽ ነው። ያገለገለ ርካሽ ዕቃን አጥቦ መልሶ ለቤት መጠጥ ማዋል የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያሳፍረው፣ ከማሳፈርም አልፎ የሚጎዳው፣ ዕቃው ከዚያ በፊት ምን እንደያዘ ሳይጠይቁ መጠጣት ነው። እንዳንጠይቅ ያደረገን ደግሞ ንቀታችን ነው። ይህንን እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከጋኑ እንጀምር። ጋን ክብሩን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ ሥራውን ያውቃል። ጌሾውና ብቅሉ ተጠንስሶ፣ እንኩሮው ገብቶ፣ ድፍድፉ ውሃ ተሞልቶበት አፉ በጭቃ ሲመረግ፣ በውስጡ ያለው እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ እየለወጠ ይፈላል። ከዚያ አስቀድሞ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ አፉ ተደፍቶም በወይራ ጢስ ይታጠናል። ጢሱ ለሽታ ብቻ የገባ አይደለም። በውስጡ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ውህዶች መጠጥን የሚያበላሹ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ያዳክማሉ። ሸክላው ደግሞ በጥቂቱ ስለሚያልብና ላቡ ስለሚተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። እናቶቻችን ስለ ፌኖል ሳይሰሙ የፌኖልን ሥራ ሲያሠሩት ኖረዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። አዲስ ጋን ከገበያ አምጥታ በዚያው ዕለት የምትጠነስስ ጠማቂ የለችም። አዲስ ሸክላ አፈር አፈር ይላል፣ ያዣል፣ ጣዕም ያበላሻል። ስለዚህ ይሟሻል። ተሟሽቶም ቢሆን ወዲያው አይታመንም፤ የሚታመነው ደጋግሞ ሲጠመቅበት፣ ጢሱ ግድግዳው ውስጥ ሲሰርግ፣ ያለፈው ጠላ እርሾ በሸክላው ስንጥቃጥቅ ውስጥ ሲቀር ነው። ከአያት ለእናት፣ ከእናት ለልጅ የሚተላለፈው ጋን የሚከበረው ለዚህ ነው። እንግዲህ በአገራችን ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ደጋግሞ ያገለገለው የመጠጥ ዕቃ ጋን ራሱ ነው ማለት ነው። ክብሩ ያገለገለ በመሆኑ እንጂ አዲስ በመሆኑ አልመጣም። «ያገለገለ» የሚለው ቃል ለጋን ማዕረግ፣ ለጀሪካን ስድብ የሆነው በምን ሕግ ነው?

«ጋን እኮ ባህል ነው፤ ጀሪካን ፕላስቲክ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለዚህ መልስ የምሰጠው በደስታ አይደለም። ጋንን ያከበርን ሕዝብ ጋን ሠሪዋን አላከበርንም። ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች በብዙ የአገራችን ክፍል ተንቀው ኖረዋል፤ «ቡዳ» ተብለዋል፤ ከጎረቤት ጋር እንዳይጋቡ፣ በአንዳንድ ቦታም መሬት እንዳይኖራቸው ተደርገዋል። በእጃቸው የተሠራውን ጋን ቤታችን አስገብተን እነርሱን ከደጃፍ መልሰናል። ስለዚህ የጋን ናፍቆታችን ንጹሕ ነው ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ዕቃውን አመስግኖ እጁን የመስደብ ልማድ አለብን። ያ ልማድ ዛሬ ጠላን በጀሪካን ወደምትሸጠው ሴት ተዛውሯል። ጠላዋን እንጠጣለን፤ ዕቃዋን እንስቃለን።

ስለ አንዲት ጠላ ሻጭ ልናገር። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አልጠቅስም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች በተለወጡ ጊዜ፣ ገንዘባቸውን ቤታቸው ያኖሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ወደ ባንክ መስኮት መጡ። እርሳቸውም በጨርቅ የቋጠሩትን አምጥተው ከፊቴ ፈቱት። ኖቶቹ ረጠብ ያሉ፣ ጌሾ ጌሾ የሚሉ ነበሩ። የቆጣሪው ማሽን አልቀበል ሲል በእጄ ቆጠርኩላቸው። «እማማ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ያቆይዎታል» ብላቸው «ቁጠረው ልጄ፤ እኔም አንድ በአንድ ነው ያገኘሁት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደብተራቸውን ይዘው በመጡ ቁጥር መስኮቴን ይመርጣሉ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ።

በራቸው ላይ አንድ ትልቅ ጋን ቆሟል፤ ወገቡ ላይ የተሰነጠቀ፣ በጠጠር የተደገፈ። ጠላው ግን ከዚያ አይቀዳም። ከመጋረጃው ጀርባ የተደረደሩ ጀሪካኖች አሉ። እርሳቸው ከጀሪካኑ ወደ ሸክላ ማንቆርቆሪያ ይገለብጣሉ፤ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጠጪውም «የጋን ጠላ እንዲህ ነው» እያለ ያጣጥማል። ለምን እንደሚደብቁት ስጠይቃቸው «ሰው ጋን ማየት ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ጋን የሚሸከም ወገብ የለኝም» አሉኝ። ጋኑ ለዓይን፣ ጀሪካኑ ለሥራ።

እኚህን ሴት ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ትልቅ ጋን ባዶውን እንኳ ከሁለት ሰው በታች አይነሣም፤ ከተሰነጠቀ ያለቀለት ነው። በኪራይ ቤት ለሚኖር፣ ከዛሬ ነገ ቤት ልቀቁ ለሚባል ሰው ጋን ሸክም ነው። ጀሪካን ግን ይነሣል፣ ይደረደራል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ቢያረጅ ቶሎ ይተካል። የእርሳቸው ምርጫ ትክክል ነው። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ጀሪካኑ ከመጋረጃ ጀርባ ስለሆነ፣ ከጠጪዎቹ መካከል «ይህ ዕቃ ቀድሞ ምን ነበረበት?» ብሎ የጠየቀ አንድም የለም። እርሳቸው እንደነገሩኝ በዓመታት ውስጥ የጠየቅኋቸው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። ያፈርንበትን ነገር አንመረምረውም፤ ያልመረመርነው ነገር ደግሞ አንድ ቀን ይጎዳናል።

ጀሪካን ከየት ይመጣል? ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። 20 ሊትር የሚይዘው የብረት ነዳጅ መያዣ በጀርመን አገር በ1937 እ.ኤ.አ. ለሠራዊት ተብሎ የተሠራ ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዕቃውን ማርከው ወደዱት፤ ለጀርመኖች ባወጡት የቅጽል ስም «ጄሪ» ብለውም ሰየሙት። የጦር ሜዳ ዕቃ ነበር ማለት ነው። የፕላስቲኩ ልጁ ወደ እኛ ቤት የሚገባው በአብዛኛው ዘይት ይዞ ነው፤ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣውን የፓልም ዘይት። ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፤ ውሃ ሲበቃው «ቆራሌው!» እያለ መንደር ለመንደር ለሚዞረው ሰው ይሸጣል፤ ከዚያም መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ የሞተ ዕቃ የለም፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ ጎማው ጫማ ሆኖ ይነሣል። ይህ ብልሃት ነው። የመኪና መንገድ ዳር ያሉ የገጠር ልጆች መንገደኛ ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ብለው ባዶ የውሃ ጠርሙስ ሲለምኑ፣ በአንድ የታሸገ ውሃ ስም ጠርሙሱን ሁሉ ሲጠሩት፣ ከተሜው ቆሻሻ ብሎ የሚጥለውን እነርሱ ዕቃ ብለው እየተቀበሉ ነው።

ብልሃቱ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ምናለሽ ተራ ውስጥ የዘይቱ ጀሪካን ከቀለሙ፣ የሳሙናው ከነዳጁ፣ የማሩ ከጸረ ተባዩ ጋር ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሲታጠቡ ይመሳሰላሉ። በጠላና በጠጅ ረገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠላ ውሃ አይደለም፤ ኮምጣጣ ነው፣ አልኮልም አለበት። አሲድና አልኮል ከዕቃው ግድግዳ ነገር የመምጠጥ ኃይል አላቸው። ፕላስቲክ ነዳጅንና የቀለም ማቅጠኛን ወደ ራሱ ይስባል፤ ኋላም ቀስ እያለ ይለቀዋል። ውጭውን ያጠበ ሳሙና ግድግዳው ውስጥ የሰረገውን አያወጣም። ከጀሪካኑ ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው 2 ቁጥር ፕላስቲኩ ከምን ዓይነት እንደተሠራ ይናገራል እንጂ ምን ሲይዝ እንደኖረ አይናገርም። ጸረ ተባይ የያዘ ዕቃማ ጭራሽ ለምግብና ለመጠጥ መዋል የለበትም፤ የሙያው ደንብ 3 ጊዜ አለቅልቀህ ብሳውና አስወግደው የሚለው ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ በርሜልም ለጠላ አይሆንም፤ ኮምጣጣው ዚንኩን እየበላ ወደ መጠጡ ያስገባዋል፤ ጠጪውንም ያስታውከዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኚያ ጠላ ሻጭ ሥርዓት ከብዙ ምክር ይሻላል። ከምናለሽ ተራ ጀሪካን አይገዙም። ከሚያውቁት ባለ ሱቅ፣ ዘይቱ ዓይናቸው እያየ ያለቀበትን ይወስዳሉ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመው ያጥባሉ፤ ምክንያቱም የቀረ ዘይት ይከረፋና ጠላውን ይከረፍሰዋል። ከዚያ ክዳኑን ገጥመው ፀሐይ ላይ ያውሉታል፤ ሲከፍቱት ያሸቱታል፤ ከጠላ በፊት የነበረው ነገር ከሸተታቸው ለውሃ እንኳ አያውሉትም። በሽቦ አይፈትጉም፤ የተጫረ ፕላስቲክ በጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ያቆራል። በግራዋና በለስላሳ ጨርቅ ያሹታል። በረኪና ከተጠቀሙ በብዙ ውሃ ያለቀልቃሉ፤ ከሆምጣጤም ጋር አይቀላቅሉትም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳልና። አንዴ ለጠላ የዋለ ጀሪካን ደግሞ ለሌላ ነገር አይውልም። ቀይ ክር ያስሩበታል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከመጋረጃ ጀርባ መቅረቱ አይቆጭም?

አሁን ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። አብሮ አደግ ጓደኛዬ በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ይኖራል። ያ ከተማ ከፖም ጭማቂ በሚጠመቅ ወይን የታወቀ ነው፤ እንግሊዞች ሳይደር የሚሉት ዓይነት ነው። መጠጡ ከጥንት ጀምሮ የሚቀርበው ቤምበል በሚባል፣ ግራጫ መልክ ባለውና ሰማያዊ ሐረግ በተሣለበት የሸክላ ማንቆርቆሪያ ነው። እነርሱም ጋን አላቸው ማለት ነው። በዚያው አገር ቢራ 5 ሊትር በምትይዝ ትንሽ የቆርቆሮ በርሜል ይሸጣል። አናቷ ላይ የጎማ ውታፍ አላት፤ ከሥር በኩል ደግሞ ተስቦ የሚወጣ ትንሽ ቧንቧ። ቢራው ሲያልቅ ብዙ ሰው ይጥላታል። በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች ግን አይጥሏትም። ውታፉን ነቅለው፣ በሙቅ ውሃ አጥበው፣ ደፍተው አድርቀው፣ አዲስ ውታፍ በጥቂት ሳንቲም ገዝተው የራሳቸውን ቢራ ወይም ሳይደር ይሞሉባታል። በጀርመን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ይህ የተለመደ ነው።

ጓደኛዬ የጻፈልኝ ዝርዝር ለእኛም ትምህርት አለው። በርሜሏ ከውስጥ በስስ ቀለም የተለበጠ ብረት ናት። ቀለሙ እስካልተጫረ ድረስ ታገለግላለች፤ ከተጫረ ዝገት ይጀምራል፤ በተለይ ሳይደር አሲዱ ብዙ ስለሆነ የተጋለጠውን ብረት ፈጥኖ ይበላል። ስለዚህ በየጊዜው በባትሪ ብርሃን ውስጧን ያዩታል፤ ዝገት ካዩ ያለ ርኅራኄ ያስወግዷታል። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ግፊት ነው። መጠጡ ጋዝ እንዲኖረው ሲታሸግ ትንሽ ስኳር ይጨመርበታል፤ ለጠርሙስ ከሚጨመረው ግን ያንሳል፤ ካልሆነ የበርሜሏ አናትና ሥር እንደ ሆድ ይነፋል። ሦስተኛው ስለ አየር ነው። ቧንቧው ተከፍቶ አየር ከገባ መጠጡ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ማለቅ አለበት፤ ማቆየት የፈለገ በአየር ፈንታ ከትንሽ ቀለህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚያስገባ ቧንቧ ይገጥማል። እንግዲህ የዕቃውን ውስጥ መመልከት፣ ግፊት መጠበቅ፣ አየር መከልከል… እኒህ ሁሉ በጀሪካን ለሚሸጠውም ጠላ የሚሠሩ ሕጎች ናቸው።

ጠላ ተቀድቶም መፍላቱን አያቆምም። ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ጀሪካን ሲነፋ አይተን እናውቃለን፤ ጠርሙስ ከሆነ ይፈነዳል፤ ፍንጣሪውም ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ክዳኑ በጥቂቱ ይላላ። በሌላ በኩል ጠላን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ። ትልቅ ጋን አንዴ ከተከፈተ በኋላ ጠላው እየቀነሰ፣ በላዩ ያለው አየር እየበዛ ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት ቀን በቀን ይኮመጥጣል። ጋን የተሠራው ለድግስ፣ ለማኅበርና ለሰንበቴ፣ ሰው ተሰብስቦ በአንድ ቀን ለሚጨርሰው መጠጥ ነው። የኮንዶሚኒየም ቤተሰብ ግን 5 ሰው ነው። ለእርሱ እስከ አፋቸው የተሞሉ አራት ባለ 5 ሊትር ዕቃዎች ከአንድ ትልቅ ጋን ይሻሉታል፤ አንዱ ተከፍቶ ሲጠጣ ሌሎቹ ሳይነኩ ይቆያሉ። ትንሹ ዕቃ ጋኑን ተክቶ ሳይሆን፣ ጋኑ የማይገባበት ቤት ውስጥ ገብቶ ጠላን ከመጥፋት ያድናል። አሁን ጋን በጠጠር መደገፉ በእውነት ታየኝ።

ከፍራንክፈርት ወሬ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ቴክኒኩ አይደለም። ጓደኛዬ እንግድነት በተጠራበት ቤት ትንሿ በርሜል ጠረጴዛው መካከል ተቀምጣለች፤ ቤምበሉ ደግሞ ከጎኗ። ከበርሜሏ ወደ ቤምበል፣ ከቤምበል ወደ ብርጭቆ። ባለቤቱ «ይህች በርሜል 4 ጊዜ ሞልቻታለሁ» እያለ ይኩራራባታል። የደበቀው ነገር የለም። የእኛዋ እናት ከመጋረጃ ጀርባ የምትሠራውን እርሱ በእንግዳ ፊት ያደርገዋል። ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ አንዱ ሙያ ተባለ፣ ሌላው ድህነት ተባለ።

ወዲህ ደግሞ በራሳችን ቤት ያለውን ምስክር እንጥራ። የቢራ ጠርሙስ! የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ወዲህ አገራችን ቢራን ለምዳለች። የቢራችን ጠርሙስ ተመላሽ ነው፤ ሣጥኑ ሲገዛ መያዣ ይከፈልበታል፣ ባዶው ይመለሳል፣ ፋብሪካ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል። ዛሬ ማታ ከንፈራችንን የምናስነካው ጠርሙስ ቁጥሩን የማናውቀው ሰው ከንፈር ነክቶታል። አንገቱ በመጋጨት ብዛት ነጭ ቀለበት አውጥቷል። ማንም «ያገለገለ ጠርሙስ» ብሎ አልተጠየፈም። ለምን? ፋብሪካው እንደሚያጥበው ስለምናምን ነው። የባንክ ሰው እንደመሆኔ መያዣ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ መያዣ ማለት «ይህ ዕቃ ዋጋ አለው፣ ተመልሶ ይመጣል» ማለት ነው። ብሩም ያው አይደለምን? በየቀኑ በእጄ የሚያልፈው ኖት ስንት ኪስ፣ ስንት ገበያ፣ ስንት እጅ አልፎ መጥቷል! ያረጀ 100 ብር ከአዲሱ 100 ብር አያንስም። እንግዲህ ችግራችን ከማገልገሉ ጋር አይደለም፤ ከአጣቢዋ ጋር ነው። ለፋብሪካው የሰጠነውን እምነት ለሴትዮዋ ነፈግናት። ከነፈግናት በኋላ ደግሞ ልንጠይቃት ሲገባን ዝም አልን።

«ጣዕሙስ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው። ጀሪካን በወይራ አይታጠንም፤ ይቀልጣል። ጢስ ያልነካው ጠላ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይህንን አልክድም። ነገር ግን መጥመቂያና መቅጃ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ጠላው በታጠነ ጋን ይጠመቅ፤ ጋን ለማይችል ቤት በታጠነ እንስራ ወይም በትንሽ ማድጋ ይጠመቅ፤ ከበሰለ በኋላ ወደ ታጠበው ዕቃ ይቀዳ። ጢሱ ከጠላው ጋር አብሮ ይሄዳል። ጀሪካኑ የሚጠበቅበት ያንን ጣዕም መጨመር ሳይሆን አለማበላሸት ነው፤ ይህንንም ንጹሕ ከሆነ ይችለዋል።

የቅኔ ሰዎች ሰምና ወርቅ ይላሉ። ሰሙ ቅርጽ ይሰጣል፣ ወርቁ ይፈስበታል፣ ሰሙ ይቀልጣል። ሰሙን ያልተጠነቀቀበት ወርቁን ያበላሻል፤ ሰሙን ወርቅ ያደረገው ደግሞ ይስታል። እኛ ገጣሚ ነን የምንል ሰዎች ይህንን ሁለተኛውን ስሕተት እንወዳለን። በግጥሞቻችን ውስጥ እንስራ ያልተሸከመች ቆንጆ፣ ብርሌ ያልጨበጠ ጀግና የለም፤ እንስራው የሸካሚዋን ጀርባ ምን እንዳደረገው ግን ስንኝ አይበቃንም። ዓይናችን ፊት ያለውን ቢጫ ዕቃ አላየነውም። ስለዚህ እኔ በአቅሜ እነሆ፦

ጋኑን አከበርነው ጢስ ስለ ጠገበ፣
ጀሪካኑን ናቅነው ጠላ እያቀረበ፤
ታሪኩን ሳንጠይቅ በጓዳ ሰውረን፣
መርዝ ይሁን ዘይት ይሁን ጠጣነው ተማምነን።

ስንኙ ታላቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የተሻለ የሚገጥም ይግጠም። የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ያገለገሉ ዕቃዎችን የሚሸጡ ሰዎች ምግብ የያዘውንና ኬሚካል የያዘውን ለይተው ያስቀምጡ፤ አንድ መስመር ጠጠር መደርደር ይበቃል። ጠማቂዎች መጋረጃውን ይግለጡት፤ ያጠቡበትን እጅ፣ ያሰሩትን ክር ያሳዩን። ጠጪዎች ደግሞ ጠላ ቤት ስንገባ በጀሪካን ለምን ይቀዳል ብለን አናላግጥ፤ ይልቅ ተቀምጠን፣ በትሕትና፣ «እናቴ፣ ይህ ዕቃ ከጠላው በፊት ምን ይዞ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ያላት ሴት በጥያቄው አትቀየምም። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያዋን የሚጠይቃት ሰው አግኝታለች።